ትራኮማ ዓይን የሚያጠፋው እንዴት ነው?

በአማራ ክልል ገጠር ብዙ እናቶች ወረንጦ ከአጠገባቸው አይለይም። በትራኮማ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ብሌናቸውን ሲወጋቸው በእሱ ይነቅሉታል፤ ተመልሶ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የክልሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው።

በሽታ አምጪው ባክቴሪያ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ዓይኑን በልቶ አያጠፋውም። የዓይን ቆብን በውስጥ በኩል በሚሸፍኑት ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይራባል። ሕዋሳቱም ዝም ብለው አይቀበሉትም፤ በገጻቸውና በውስጣቸው የባክቴሪያን አካል ለይተው የሚያውቁ ተቀባዮች አሏቸው። ከእነዚህ አንዱ ቤተሰብ ቶል መሰል ተቀባይ ይባላል። የሳይንቲስቱ ዡል ሆፍማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 ቶል የተባለው ጂን የፍራፍሬ ዝንብን ከሻጋታ እንደሚከላከል አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመት ሩስላን ሜድዢቶቭና ቻርልስ ጄንዌይ የሰውን አቻ ይፋ አደረጉ።

ተቀባዩ ባዕዱን ሲለይ ሕዋሱ እንደ መንደር እሪታ ኢንተርሉኪን 8 የተባለውን ኬሚካል ይለቃል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም እየጎረፉ ይመጣሉ። ቆቡ ይቀላል፣ ያብጣል። አንድ ጊዜ ቢሆን ይድን ነበር። በልጅነት ደጋግሞ ሲመላለስ ግን ይህ የሰውነት ቁጣ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ቆቡን ይሰበስበዋል፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያዞረዋል፣ ብሌኑም እየተፋቀ ይደፈርሳል። ልጆች አቅፈው የሚውሉት ሴቶች ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ በዚህ የሚታወሩት በሽታው ስለሚመላለስባቸው ነው።

እንግዲህ ቁልፉ ድግግሞሹን ማስቆም ነው። ፋይዘር በነፃ የሚሰጠው ዚትሮማክስ የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በካርተር ማዕከል ድጋፍ፣ በክልሉ ለሚሊዮኖች ሲታደል ኖሯል። ብዙ ቦታ በሽታውን ቀንሶታል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ታድሎባቸው ትራኮማ ያልለቀቃቸው ወረዳዎችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ለማስወገድ ለእ.ኤ.አ. 2020 የያዘው ግብም ወደ 2030 ተሸጋግሯል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የነገውን አይከለክልም። በሽታውን የሚያዛምተው ዝንብ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ይራባል፤ የልጁ ፊት የሚታጠብበት ውኃም ሩቅ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ በየዓመቱ ስንት ሰው ክኒን እንደዋጠ ሪፖርት ሲቀርብ፣ በዚያው ገጽ ላይ ስንት ቀበሌ ውኃና መጸዳጃ እንዳገኘ አብሮ እንዲጻፍ ነው።