አመድና ቁስል፦ በአልካሊ ማከም እንዴት ይቻላል?

በጤናማ ሰውነት ላይ የደረሰ ጭረት በጥቂት ቀናት ይጠግጋል። ወራት አልፈውት የማይሽር ቁስል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በላዩ የሞተ ሥጋ ይጋገርበታል፤ ባክቴሪያዎች ከዚያ ሥር ይመሽጋሉ፤ አዲስ ሥጋም የሚያቆጠቁጥበት ንጹሕ ስፍራ ያጣል። የጥንት ሕንዳውያን ሐኪሞች ለዚህ ችግር ከዕፅዋት አመድ አልካሊ ያወጡ ነበር። በአዩርቬዳ ሕክምና «ክሻራ» ይሉታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በፊዚክስና በኬሚስትሪ ዓይን እንመረምራለን።

ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው «ሱሽሩታ ሳምሂታ» የተሰኘ የሕክምና መጽሐፍ ለክሻራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ለዚህ ከሚውሉት ዕፅዋት አንዱ «አፓማርጋ» ሲሆን፣ ይኸው ተክል በሀገራችን በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውና ፍሬው ልብስ ላይ የሚጣበቀው ቴሌንጅ ነው። ተክሉ ደርቆ ይቃጠላል፤ አንድ እጅ አመድ በስድስት እጅ ውኃ ተበጥብጦ 21 ጊዜ ይጠለላል፤ ከዚያም ጥሩው ውኃ በእሳት እንዲተን ይደረጋል። ለሚቀረው ነጭ ዱቄት የአልካሊነት ባሕርይ የሚሰጠው በዋናነት ፖታሲየም ካርቦኔት ነው።

ጠንከር ያለው ዓይነት ሲፈለግ መጽሐፉ በእሳት የጋለ የኖራ ድንጋይና ዛጎል እንዲጨመር ያዛል። ይህ በዘፈቀደ የመጣ ቅመማ አይደለም። የተቃጠለው ኖራ ከውኃ ጋር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ከፖታሲየም ካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል፤ በፈሳሹ ውስጥ እጅግ ኃይለኛ የሆነው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይገባል። የጤናማ ቆዳ ፒኤች ከ4 እስከ 6 ገደማ ነው፤ የማይሽር ቁስል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ድረስ ይደርሳል፤ ቁስሉ ወደ መዳን ሲያመራም ቁጥሩ ይወርዳል። ታዲያ ቀድሞውኑ ወደ አልካሊ ባጋደለ ቁስል ላይ አልካሊ መጨመር ምን ይፈይዳል? እንደ እኛ አስተያየት ክሻራ ከቅባት መድኃኒት ይልቅ ከቢላዋ ጋር ይመደባል። ፒኤች 13 የሆነ ፈሳሽ ፒኤች 8 ከሆነው 100,000 እጥፍ ሃይድሮክሳይድ አዮን ይይዛል። ይህ አዮን የሞተውን ሥጋ ፕሮቲን ያሟሟል፤ ስቡንም ወደ ሳሙና ይለውጣል።

የብረት ቢላዋ እጅ ሲቆም ይቆማል፤ አልካሊ ግን አይቆምም። አሲድ ፕሮቲንን አርግቶ መንገዱን የሚዘጋበት ቅርፊት ይፈጥራል፤ አልካሊ ግን ሥጋውን እያቀለጠ ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። በዲፊውዥን ሕግ መሠረት የሚደርስበት ጥልቀት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል፤ ሁለት እጥፍ ለመጥለቅ አራት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል ማለት ነው። (ሥጋው አልካሊውን እያዳከመው ስለሚሄድ ይህ ግምታዊ ስሌት ነው።) ስለዚህ የመድኃኒቱ መጠን የሚለካው በክብደት ብቻ ሳይሆን በጊዜም ነው። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ሐኪሙ መቶ ቃል እስኪነገር ድረስ እንዲጠብቅ፣ ቀጥሎም እንደ እርሾ ውኃ የጎመዘዘ የእህል ፈሳሽ እንዲያፈስበት ታዟል። በዛሬው ቋንቋ አልካሊውን በአሲድ ገለልተኛ ማድረግ ነው። በቤተ ሙከራ አልካሊ ለፈሰሰበት ተማሪ ግን የመጀመሪያው እርዳታ ብዙ ውኃ እንጂ አሲድ አይደለም።

ዘዴው በተሻለ ሁኔታ የተፈተነው በክር መልክ ነው። ክሩ የቁልቋል ዘመድ በሆነ ተክል ወተት 11 ጊዜ፣ በወተቱና በክሻራ 7 ጊዜ፣ በወተቱና በእርድ 3 ጊዜ ይቀባል። ከዚያም በፊንጢጣ አካባቢ በሚፈጠር፣ መግል በሚያወጣ የፊስቱላ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል፤ በየሳምንቱም በአዲስ ይተካል። (በሀገራችን ከወሊድ ጋር ተያይዞ ከሚታወቀው ፊስቱላ የተለየ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት 502 ሕሙማንን በዕጣ መድቦ ክሩን ከቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጽሯል። በክሩ የታከሙት ለመዳን 8 ሳምንት፣ በቀዶ ሕክምና የታከሙት 4 ሳምንት ገደማ ወስዶባቸዋል፤ ሕመሙ የተመለሰባቸው ግን በክሩ 4፣ በቀዶ ሕክምናው 11 በመቶ ነበሩ።

ይህን ውጤት ግን ወደ እግር ቁስል መውሰድ አይቻልም። ደም በሚገባ በማይደርሰው እግር ላይ የሞተው ሥጋ ቢነሣም አዲሱን የሚመግበው የለም። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ የእግሩ ነርቭ ስለሚደነዝዝ አልካሊው ወደ ጤናማው ሥጋ ሲዘልቅ ሕመም አይሰማውም። የአመድ ኃይልም እንደ ተክሉና እንደ አፈሩ ስለሚለያይ፣ በጓሮ ቴሌንጅ አቃጥሎ ቁስል ላይ የሚነሰንስ ሰው የያዘው ስለቱ ያልታወቀ ቢላዋ ነው።