በጠገራው ላይ የተጻፈው 1780

አንባቢ ሆይ፤ ለበዓል ወደ ቤተሰቦችህ ወደ ቦኬ በሄድህ ጊዜ አያትህ ሣጥናቸውን ከፍተው አንድ ከባድ ክብ ብር ከጨርቅ ፈትተው ቢያሳዩህ፣ መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው በምን ላይ ነው? ከንግሥቲቱ መልክ ይልቅ በቍጥሩ ላይ ነው፤ 1780 ይላል። «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ገንዘብ! ይህንማ ሸጬ ቤት እሠራበታለሁ» ትላለህ። በጭሮ ገበያም «የጥንት ነው» እያለ ዋጋውን የሚሰቅል ሻጭ፣ «ተራ ነገር ነው» እያለ በርካሽ ሊወስድ የሚሻ ገዢ አይጠፋም። በሁለቱም እንዳትታለል ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞቱት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ነው፤ ገንዘባቸው ግን አብሮአቸው አልሞተም። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያሉ ነጋዴዎች ያን መልክ ለምደው ሌላውን እንቢ ስላሉ፣ ዓመቱ ሳይለወጥ እየተደገመ ታተመ። የሐረርጌ ቡና ወደ ባሕር ሲወርድም በዋጋው ፈንታ የሚመጣው ይኸው ጠገራ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን ብር በፓሪስ አሳትመው ቢያወጡም፣ የገበያው ሰው ጠገራውን በቀላሉ አልተወም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮማ አሳተመ። ከዚያ ወዲያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም በየተራ አተሙት። ጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሳለ የሁሉም ፊት 1780 ይላል። እንግዲህ በእጅህ ያለው ጠገራ አያትህ ከተወለዱ በኋላ የታተመ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት በሌላም አገር ደርሷል። በአሜሪካ ሰዎች ቤዝቦል የሚባለውን የኳስ ጨዋታ ተጫዋቾች ሥዕል ያለባቸውን ትናንሽ ካርዶች ይሰበስባሉ። ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. በወጡት ካርዶች ውስጥ ሆነስ ዋግነር የተባለው ተጫዋች ያለበት ጥቂት ብቻ ስለ ተገኘ፣ በ2021 አንዱ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ነገር ግን በ1980ዎቹ ዓመታት ሰው ሁሉ ሀብታም እሆናለሁ ብሎ ካርዱን በሣጥን ገዝቶ ሲያስቀምጥ፣ ፋብሪካዎቹም ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም ያስቀመጠውን ነገር ማን ይገዛዋል? ዛሬ አብዛኞቹ ይህ ነው የሚባል ዋጋ የላቸውም።

ታዲያ የጠገራ ዋጋ በምን ይታወቃል?

አንደኛ፣ በማዕድኑ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ ጠይቀህ በ23.4 አባዛው፤ ከዚያ እጅግ ያነሰ የሚሰጥህን ሰው ተሰናበተው።

ሁለተኛ፣ በእውነተኛነቱ። ክብደቱ ከጐደለ ወይም ማግኔት ከሳበው ተጠራጠር። ጠርዙንም ዙሪያውን እይ፤ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጕም ያለው የላቲን ጽሕፈት ሊኖርበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ በብርቅነቱና በደኅንነቱ። ከ1780 በፊት ያለ ዓመት የተጻፈበትን ወይም የምኒልክን ብር ያገኘህ እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ሳታሳይ አትሽጥ። እንዲያብረቀርቅ ብለህም በአመድ አትፈትገው፤ የተፈተገ ገንዘብ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወድቃል።

የተበሳም እንደዚሁ ይወድቃል። እዚህ ላይ ግን ቆም በል። በሐረርጌ እናቶች ጠገራውን በስተው ወይም ማንጠልጠያ አስበይደው በአንገታቸው አጊጠውበታል። ለውጭ አገር ሰብሳቢ ቀዳዳው ጕድለት ነው። ለአንተ ግን ከ300 ሚሊዮን ጠገራ መካከል የአያትህን ለይቶ የሚያሳውቅህ ምልክት እርሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሚዛን ከመፈለግህ በፊት አያትህን ጠይቃቸው፤ ማን ሰጣቸው? በየትኛው ሠርግ? ስንት ነበሩ? የቀሩትስ የት ገቡ? የሚነግሩህን በወረቀት ጽፈህ ከጠገራው ጋር አስቀምጠው። በሐረር ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የተጀመረው አንድ የከተማው ሰው እንዲህ ያሉትን አሮጌ ነገሮች በግሉ ከየሰዉ ስለ ሰበሰበ ነው። ጠገራው አንጥረኛ ቤት ገብቶ ቢቀልጥ ብሩ አይጠፋም፤ ሌላ ጌጥ ይሆናል። አያትህ ሳይነግሩህ የቀሩትን ግን የሚመልስልህ አንጥረኛ የለም።