«ልጄ፣ ያ ነገር የማን ነው?» ስለ ድሮን ጥቅምና አደጋ

ዛሬ የምናወራው እዚህ ልጆቻችን «ራኽፋን» ስለሚሉት፣ በአማርኛም ድሮን ስለምንለው ነገር ነው። የጦር ሠራዊቱን ሳይሆን ሰው ሱቅ ገብቶ የሚገዛውን፣ ሠርግ የሚቀርፀውን፣ እርሻ የሚረጨውን ማለቴ ነው። ግን እዚህ አገር ሁለቱን በድምፅ መለየት ቀላል አይደለም። ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ ታሪክ ልጀምር።

ባለፈው በጋ የእህቴን ልጅ ዳርን። ሠርጉ ሜዳ ላይ ነበር። እስክስታው ሞቆ ሳለ ፎቶ አንሺው ለማንም ሳይናገር ድሮኑን አስነሣ። እንደ ንብ መንጋ «ዝዝዝ» እያለ ከላያችን ሲመጣ ወጣቱ ሁሉ ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘ። አክስቴን ዞር ብዬ ባይ መሬት ላይ ተደፍተው፣ በሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸውን ሸፍነዋል። የሚኖሩት በሰሜን ነው። በጦርነቱ ጊዜ «ኻዲራት ክሊ ታይስ ኦዬን» የሚለውን፣ የጠላት በራሪ ገባ ማለት ነው፣ ስንት ጊዜ ሰምተዋል። ሜዳ ላይ ስትሆኑ ተኙ፣ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ ብሎ ያስተማራቸው ፒኩድ ሃዖሬፍ ነው። እሳቸው የተባሉትን ነው ያደረጉት።

አንስቼ ወንበር ላይ ሳስቀምጣቸው፣ «ልጄ፣ ያ ነገር የማን ነው?» አሉኝ። የፎቶ አንሺው ነው አልኳቸው። «ታዲያ ቀድሞ አይናገርም?» አሉ። አያችሁ፣ የዛሬው ትምህርት በሙሉ እዚች ጥያቄ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ድሮን ምንድን ነው? ብዙዎቹ ትንንሽ ድሮኖች እንደ ቬንትሌተር የሚሽከረከሩ አራት ክንፎች፣ ባትሪ፣ ካሜራ እና ያለበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያውቅበት ጂፒኤስ አላቸው። አብራሪው ከታች ሆኖ በመቆጣጠሪያ ይመራዋል። አንዳንዱ 250 ግራም አይሞላም፤ ለእርሻ የሚሠራው ግን ከነመድኃኒቱ ትልቅ ሰው የሚያክል ክብደት ያለው አለ።

ጥቅሙን በእውነት እንናገር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሩዋንዳ ዚፕላይን የተባለ ድርጅት ደም በድሮን ወደ ሆስፒታሎች ያደርሳል። የጤና ባለሙያው በስልክ ያዝዛል፤ ባለ ክንፉ ድሮን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተተኩሶ ይነሣል፤ ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስ ሳያርፍ ሣጥኑን በትንሽ ፓራሹት ጥሎ ይመለሳል። ሩዋንዳ እንደ ጎንደር አገራችን ኮረብታ በኮረብታ ናት። በወሊድ የምትደማ እናት በቃሬዛ ተጭና ተራራ ስትወርድ ያየ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልነግረው አያስፈልግም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በአውስትራሊያ ሁለት ወጣቶች ማዕበል ሲወስዳቸው ድሮን ከላይ ተንሳፋፊ ነገር ጥሎላቸው ይዘውት ወጡ። በሚያዝያ 2019 የፓሪሱ ኖትር ዳም ሲቃጠል እሳት አጥፊዎቹ እሳቱ ወዴት እንደሚሄድ በድሮን አይተዋል። እዚህ አገር ደግሞ ገበሬው የቱ ዛፍ ውኃ እንደጠማው በሙቀት ካሜራ ከላይ ያያል። ቴቬል የሚባል የእስራኤል ድርጅት ፍሬ የሚለቅሙ ድሮኖችን ሠርቷል።

እሺ፣ አደጋውስ? የመጀመሪያው አካል ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ክንፎቹ የፕላስቲክ ቢሆኑም ፍጥነታቸው ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር፣ በቤታቸው ደጃፍ ላይ የቤተሰብ ወዳጅ ያበረረው ድሮን ዛፍ ነክቶ ተፈናጠረና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንድ ዓይኑን አጣ። ክፋት አልነበረም፤ ጨዋታ ነበር። ድሮን ከሕዝብ በላይ አይበርም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አውሮፕላን ነው። በታኅሣሥ 2018 በለንደን ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ ስለተባለ ወደ 1,000 የሚጠጉ በረራዎች ተስተጓጉለው 140,000 የሚያህሉ መንገደኞች ተጉላልተዋል። እስከ ዛሬ ጥፋተኛው አልተገኘም። አስቡት፣ የማን እንደሆነ አለመታወቁ ብቻውን ያንን ሁሉ ሰው አስቆመ።

ሦስተኛው የኛ የራሳችን ችግር ነው። ከጥቅምት 2023 ወዲህ በሰሜን ጂፒኤስ ሲታወክ ስልካችን «ቤይሩት ነህ» ሲለን ነበር አይደል? ድሮንም እንደዚያው ይሳሳታል። «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለው ቁልፍ የሚሠራው ቤቱን ሲያውቅ ነው። መንገዱ የጠፋበት ድሮን ደግሞ ለሠራዊቱም ለጎረቤትም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

አራተኛው ገመና ነው። ከላይ የሚያይ ካሜራ አጥር አያውቅም። የ1981ዱ የእስራኤል የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ ሰውን በግል ይዞታው ውስጥ ሳለ ያለፈቃዱ መቅረፅን ይከለክላል። ጎረቤታችሁ በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣ የቀረፃችሁት ቪዲዮ፣ ለናንተ ጨዋታ ቢሆንም ለሱ ክስ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሠርግ ወይም ባር ሚጽቫ ስትደግሱ ፎቶ አንሺውን ከመዋዋላችሁ በፊት ሪሻዮኑን አሳየኝ፣ ቢቱዋኽ አለህ ወይ በሉት፤ አታፍሩ፣ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ድሮኑ እንደሚነሣም ለእንግዶች በማይክ ይነገር፤ በተለይ ለሽማግሌዎችና ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ልጆች።

ለልጃችሁ ድሮን ከገዛችሁ፣ የት መብረር እንደሚፈቀድ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አጣሩ። ባትሪው ሊቲየም ነው፤ ሌሊት ተኝታችሁ ሳለ አትሙሉት፣ ያበጠውን አትጠቀሙ። መሬት ላይ የወደቀ የማታውቁት ድሮን ካያችሁ አትንኩ፤ ራቁና 100 ደውሉ። ልጆች አሻንጉሊት መስሏቸው እንዳያነሡት ዛሬ ማታ ንገሯቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ለመንገደኞች። ጎንደር ሄጄ የአያቴን መንደር ከላይ እቀርፃለሁ ብላችሁ ድሮን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ወደ ኢትዮጵያ ያለ ቅድመ ፈቃድ ድሮን ማስገባት አይቻልም፤ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። እዚያም ወገኖቻችን በጦርነቱ ምክንያት የድሮን ድምፅ እንደ አክስቴ ነው የሚሰሙት። ፈቃዱን ብታገኙ እንኳ የመንደሩን ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ።

አክስቴ ያን ምሽት ወደ ጭፈራው አልተመለሱም። ዘንድሮ ታናሽየዋን ስንድር ግን ፎቶ አንሺው ድሮኑን ከማስነሣቱ በፊት እሳቸው ወዳሉበት ጠረጴዛ መጥቶ፣ «እማማ፣ ይሄ የኔ ነው፤ አሁን ላስነሣው ነው፣ ይፈቅዱልኛል?» አላቸው። አገላብጠው አዩትና «ከፍ አድርገው፣ ግን ከልጆቹ ራቅ በል» አሉት። ቪዲዮው ላይ እጃቸውን ሲያወዛውዙ ይታያሉ።