ለሌሊት አደን የሚሆን የሙቀት መነጽር አመራረጥ

በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ሰብል የሚያጠፋውን የዱር ዐሣማ በሌሊት ማደን የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህም በግል መሬት ላይ ባለመሬቱ ከፈቀደ የአደን ፈቃድ አይጠየቅም። አዳኙ ጠመንጃውን ወዲያና ወዲህ ሳያዞር አካባቢውን የሚቃኘው በእጅ በሚያዝ የሙቀት መነጽር ነው።

መነጽሩ ብርሃን አይሻም፤ ከእንስሳው ገላ የሚወጣውን ሙቀት ሥዕል ያደርገዋል። ተራ መስተዋት ይህን ሙቀት ስለማያሳልፍ ሌንሱ የሚሠራው ከጀርማኒየም ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ጀርማኒየም ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ማድረጓም ዋጋውን አላቀለለውም።

ርካሽ ፈላጊውን ከሁሉ የሚያሳስተው ግን በካርቶኑ ላይ «እስከ 1000 ሜትር ያያል» ተብሎ የሚጻፈው ነው። ይህ ርቀት ትኩስ ነገር መኖሩ የሚታወቅበት እንጂ ምንነቱ የሚለይበት አይደለም። የመሣሪያው ነጥብ 12 ማይክሮን፣ ሌንሱ 19 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በ300 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ነጥብ 19 ሳንቲሜትር ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ሜትር የሚረዝም ዐሣማ በአምስት ነጥብ ብቻ ይታያል፤ የጎረቤት ጥጃም፣ ያጎነበሰ ሰውም እንዲሁ! በ100 ሜትር ግን ነጥቡ ዐሥራ ስድስት ገደማ ይደርሳል። 35 ሚሊሜትር ሌንስ አርቆ ይለያል፤ ዕይታው ግን ስለሚጠብ ለጫካ አይመችም።

እንግዲህ በቅርብ ለሚያድን 256 በ192 ነጥብ ያለው ርካሹ ዕቃ ይበቃዋል። የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ለተሻለ ሌንስ ይዋል እንጂ ለቪዲዮ መቅረጫ አይባክን። ዕቃው በአሜሪካ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ፣ ከዚያ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ገንዘብ ከመላኩ አስቀድሞ የፈቃዱን ጉዳይ ከሻጩ ያጣራ።