የቤት አስጠኚ ሥራው ምንድን ነው?

አንድ ሰው ለልጁ አስጠኚ ቀጠረ ሲባል ሁለት ዓይነት ሐሜት ይሰማል። አንዱ «ልጁ ሰነፍ ቢሆን ነው» ይላል፤ ሌላው «ገንዘብ ቢተርፈው ነው» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይመስሉንም። ለአንድ ልጅ አንድ አስተማሪ መመደብ የስንፍና ማስታመሚያም የሀብት ጌጥም አይደለም፤ በአግባቡ ከተሠራበት፣ ልጁ የተሰናከለበትን ቦታ ፈልጎ ማግኛ መንገድ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ጉዳይ በካፋ፣ ይልቁንም በቦንጋ ከተማ ካለው የትምህርት ኑሮ ጋር አያይዞ ይመለከታል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ብዙ ልጆች በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ እንጂ ትምህርቱ የሚሰጠው ለየብቻ ነው። አንዱ ፊደል ሲቆጥር፣ ሁለተኛው ንባብ ሲለማመድ፣ ሦስተኛው ዳዊት ሲደግም፣ የኔታ እያንዳንዱን በተራው ጠርተው ይሰሙታል፤ የያዘውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም። በመኳንንቱም ቤት ልማዱ ነበር። ራስ መኮንን ሐረር ላይ ለልጃቸው ለተፈሪ፣ በኋላ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሩ ዶክተር ቪታሊያን የተባሉትን የጓዴሉፕ ተወላጅ ሐኪም መደቡ፤ ከዚያም አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን አስተማሯቸው። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ላይ በደረሰ የጀልባ አደጋ ሲሞቱ፣ ተማሪያቸው ከዚያው አደጋ ተርፈዋል። እንግዲህ የድኻው ልጅ በየኔታ ፊት፣ የመስፍኑም ልጅ በአዳራሹ ያገኙት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱን ቃል የሚያዳምጥ አስተማሪ ነው።

የዘመናዊው ክፍል ግን ለዚህ ጊዜ የለውም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ተማሪው 50 ቢሆን ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ያልገባው ልጅ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ፈርቶ ዝም ይላል፤ መምህሩም ዝምታውን እንደ መረዳት ይቆጥርለታል። ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለየብቻ ከተማሩት መካከል መካከለኛው ተማሪ፣ በተለመደው ክፍል ከተማሩት 98 ከመቶ የሚሆኑትን እንደበለጠ አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጥናቶች ይህን ያህል ታላቅ ልዩነት ባያገኙም፣ ለብቻ ማስተማር በእርግጥ እንደሚጠቅም አረጋግጠዋል።

በቦንጋ ደግሞ ጉዳዩን የሚያከብድ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። የካፋ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚማረው በአፍ መፍቻው በካፊኖኖ፣ በላቲን ፊደል ነው። አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ በሦስት ቋንቋና በሁለት ዓይነት ፊደል መካከል ይመላለሳል ማለት ነው። አንድ ትንሽ ምሳሌ እንጥቀስ። «ኖኖ» ማለት በካፋ ቋንቋ አፍ ማለት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ የ«ኦ» ምልክት ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ ድምፁም ረዘም ተደርጎ ይነበባል። ልጁ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ሲከፍት ግን ያው ድርብ «ኦ» «ቡክ» በሚለው ቃል ውስጥ «ኡ» ሆኖ ይጠብቀዋል። ልጁ ቢሳሳት ከስንፍና አይደለም፤ የተማረውን ሕግ አክብሮ ነው የተሳሳተው። ይህንን ለመረዳት አጠገቡ ተቀምጦ ሲያነብ መስማት ያስፈልጋል።

ወላጅ ይርዳው እንዳይባልም ችግር አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የካፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። በዚያ ዘመቻ ማንበብ የቻለ አያት ዛሬ የልጅ ልጁን ደብተር ቢገልጥ፣ ቋንቋው የገዛ ቋንቋው ሆኖ ሳለ ፊደሉ ባዕድ ይሆንበታል።

አስጠኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው ለአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ሰኞ ሒሳብ፣ ረቡዕ ሳይንስ፣ ዓርብ እንግሊዝኛ አስጠና ይባላል። ሁሉን አዋቂ ሰው ስለሌለ ይህ ከባድ ይመስላል፤ ነገር ግን ብልህ አስጠኚ በልጁ ደጃፍ ካለው ነገር ይነሣል። በካፋ ይህ ነገር ቡና ነው። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ተፈልፍሎና ደርቆ አንድ ኪሎ ያህል ጥሬ ቡና ይወጣዋል፤ ቤተሰቡ 90 ኪሎ ቢለቅም ስንት ኪሎ ያገኛል? 15፤ ይህ የንጽጽር ሒሳብ ነው። ዐረቢካ ቡና 44 ክሮሞዞም ሲኖረው ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 አላቸው፤ ዐረቢካ ከሁለት ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ነውና፤ ይህ ሥነ ሕይወት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በመዘገበው ከ760,000 ሄክታር በላይ በሆነ የካፋ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ቡናው በደን ጥላ ሥር ለምን እንደሚበቅል መጠየቅም ጂኦግራፊ ነው። አስጠኚው ያላወቀው ጥያቄ ሲገጥመው «ይህንን አላውቀውም፤ አብረን መጽሐፍ እንይ» ቢል ክብሩ አይቀንስም፤ ልጁ ዕውቀት እንዴት እንደሚፈለግ ያይበታል።

አደጋውም መነገር አለበት። የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶ ለልጁ የሚያስገለብጥ አስጠኚ ልጁን ገደለው እንጂ አልረዳውም። ደብተሩ በትክክል ምልክት ይሞላል፤ ወላጅም ይደሰታል፤ ብቻውን ፈተና ላይ ሲቀመጥ ግን እጁ ባዶ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ያልገባቸውን ሳይረዱ ከክፍል ወደ ክፍል የተሻገሩ ልጆች እንዳሉበት አያጠራጥርም። ስለዚህ ደግ አስጠኚ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከዚያም ይታገሣል፤ እርሳሱን ከልጁ እጅ አይወስድም። ወላጅም አስጠኚውን ሲመዝን «ልጄ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ ብቻውን ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው፣ የአስጠኚ ጥሩነት የሚታወቀው ጥቂት በጥቂት የማያስፈልግ ሰው ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የነጋዴውና የባለሥልጣኑ ልጅ አስጠኚ ያገኛል። ከገጠር ቀበሌ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ በከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚማረው፣ በለቀማ ወራትም ከትምህርቱ የሚቀረው ልጅ ግን ማን አለው? ይህንን ጥያቄ የምናቀርበው ለመንግሥት ብቻ ሳይሆን ለአንባቢዎቻችን ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ባቋቋመው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ዛሬ ቦንጋ የራሷ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህም ዲግሪ የያዙ ብዙ ወጣቶች በየቢሮዋ ይሠራሉ።

ከእነዚህ ወጣቶች እያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለአንድ ልጅ ብቻ ቢሰጥ የሚጠፋበት ነገር ጥቂት ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። የካፋን ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነ እጅግ መልካም፤ የማያውቅም ከሆነ ልጁ ያስተምረዋል። «ጋሼ፣ ይህ አልገባኝም» ለማለት የማይፈራ አንድ ልጅ ማፍራት ለማንም ወጣት የሚያኮራ ሥራ ነው። የምናውቀውን ለሌላው ሳናካፍል ተምረናል ብንል ማን ያምነናል?