ሳይታዘዙ የሚናገሩ ዕቃዎች፦ የሬዲዮ ሞገድ መጠላለፍና የቁጥጥሩ ጥያቄ በኢትዮጵያ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኘው ፀዳ ትንሽ ከተማ ብትሆንም፣ በላይዋ የሚያልፈው የሬዲዮ ሞገድ ዓይነት ግን ብዙ ነው። በአዘዞው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ከምድር ጋር የሚነጋገሩበት ሞገድ፣ የሞባይል ስልክ ማማዎች የሚለዋወጡት ሞገድ፣ የኤፍኤም ጣቢያዎች ሥርጭት፣ እንዲሁም አርሶ አደሩ በባትሪ ሬዲዮ የሚከታተለው የአጭር ሞገድ ሥርጭት በአንድ አየር ውስጥ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ሳይጋጩ መኖር የቻሉት እያንዳንዱ የራሱ መደብ ስለተሰጠውና ከመደቡ እንዳይወጣ የሚያስገድድ ሕግ ስላለ ነው። ሕጉ ለመናገር ተብለው የተሠሩትን፣ ማለትም የሬዲዮ ማስተላለፊያዎችን፣ ስልኮችንና የኢንተርኔት ራውተሮችን፣ በስማቸው ለይቶ ያውቃቸዋል። ጥያቄው የሚከብደው ለመናገር ሳይሠሩ የሚናገሩት ዘንድ ሲደርስ ነው፤ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የቴሌቪዥን ዲኮደርና የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር ማንም ሳያዛቸው በሌላው መደብ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉና፣ እነርሱን ማን፣ በምን መስፈርት፣ የት ላይ ይጠይቃቸው የሚለው ጉዳይ በኢትዮጵያ ገና እልባት አላገኘም።

መጠላለፍ ምን ማለት ነው

የሬዲዮ ሞገድ የሚለየው በድግግሞሹ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሚወዛወዝበት ብዛት ነው፤ በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ አንድ ኪሎኸርዝ፣ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ አንድ ሜጋኸርዝ ይባላል። ተቀባይ መሣሪያ የሚፈልገውን ድግግሞሽ መርጦ ሌላውን ይተዋል፤ ነገር ግን በመረጠው ድግግሞሽ ላይ ሌላ ምንጭ አብሮ ከተገኘ ሁለቱን መለየት አይችልምና፣ የደከመው በበረታው ይዋጣል። የሞገድ መጠላለፍ የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ አገልግሎትን የሚያቋርጥ ወይም ደኅንነትን አደጋ ላይ የሚጥል ደረጃ ሲደርስ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ ጎጂ መጠላለፍ ተብሎ ይፈረጃል።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ መታወክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሆን ተብሎ የሚደረገውን አፈና ነው። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭትን የማፈን አቅም እየተሞከረ መሆኑን በይፋ መናገራቸው ለዚህ ትዝታ አንዱ ምክንያት ነው። ይህ ዓይነቱ አድራጎት ባለቤትና ዓላማ ያለው በመሆኑ ቢያንስ ማን እንደሚጠየቅበት ይታወቃል፤ ከዕቃ የሚመጣው መጠላለፍ ግን ዓላማ የለውም፣ ዕቃው የሚገኝበት ቤት ባለቤት እንኳ ምንጩ የእርሱ አምፖል መሆኑን አያውቅም፤ ሬዲዮው የተንሿሿበት ጎረቤትም ጥፋቱን የሚያሳብበው በጣቢያው ወይም በአየሩ ጠባይ ነው።

ከአንዲት አምፖል ውስጥ

የነገሩን አካሄድ ለመረዳት በየሱቁ የምትሸጠውን ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ውስጧን ማየት ይበቃል። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ ብርሃን ሰጪዎቹ ጥቃቅን ክፍሎች የሚፈልጉት ግን አነስተኛና ቀጥተኛ ኃይል ነው። ስለዚህ በአምፖሏ አንገት ውስጥ የተሸጎጠ ትንሽ ሰርኪዩት ኃይሉን በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ይመጥነዋል። ይህ ፈጣን መክፈትና መዝጋት ኃይል ቆጣቢ የመሆኑን ያህል ሞገድ አመንጪም ነው፤ በተከፈተበት ፍጥነት ላይ ብቻ ሳይወሰን በሁለት እጥፉ፣ በሦስት እጥፉ፣ በመቶ እጥፉም ላይ እየደከመ የሚሄድ የሞገድ ብዜት ይፈጥራል። በሰከንድ 58 ሺህ ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰርኪዩት ቢኖር 105ኛው ብዜቱ የሚያርፈው በትክክል 6090 ኪሎኸርዝ ላይ ነው፤ ይህም የአማራ ሬዲዮ ለዓመታት በአጭር ሞገድ ሲሠራጭበት የኖረው ድግግሞሽ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀና ርካሽ ነው። በመግቢያው ላይ የሚቀመጡ አንድ የመዳብ ሽቦ ጥቅልልና አንድ ወይም ሁለት ካፓሲተሮች ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሞገድ ወደ ቤቱ ሽቦ ሳይወጣ ያስቀሩታል፤ ይህ ጥምረት ማጣሪያ ወይም ፊልተር ይባላል። በላፕቶፕ ቻርጀሮች ገመድ ጫፍ ላይ የሚታየው ጠንካራ እብጠትም ፌራይት የሚባል ማግኔታዊ ቁስ ሲሆን፣ ሥራው ገመዱ እንደ አንቴና ሆኖ ሞገድ እንዳይረጭ መከላከል ነው። ርካሽ አምፖል ወይም ቻርጀር ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ የጥቅልሉና የካፓሲተሩ ቦታ በሰሌዳው ላይ ምልክቱ ታትሞ፣ ቀዳዳው ተበስቶ ሳለ፣ ክፍሎቹ ሳይበየዱ ባዷቸውን ቀርተዋል። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ያስፈልጋል ያለውን አምራቹ ጥቂት ሳንቲም ለመቆጠብ አስቀርቶታል ማለት ነው፤ አምፖሏም ያለ እነርሱ ስለምትበራ ገዢው ልዩነቱን በዓይኑ ሊያየው አይችልም።

ልዩነቱን የሚያሳየው ጆሮ ነው። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ተከፍቶ ወደ እንዲህ ዓይነት አምፖል ሲቀርብ ይጮኻል፣ ሲርቅ ድምፁ ይቀንሳል፣ አምፖሉ ሲጠፋ ዝም ይላል። መብራት ባልደረሰባቸው የሰሜን ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎችም የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያው ማጣሪያ የጎደለው ከሆነ ያው ችግር ይከተላል፤ ለቤቱ ብርሃን ይዞ የመጣው ዕቃ የቤቱን ዜናና የአየር ጠባይ መረጃ ሊወስድ ይችላል።

ዓለም ያወጣው መስፈርት

ጥያቄው ለዓለም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1934 በፓሪስ የተቋቋመውና በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ሥር የሚሠራው ሲስፐር የተባለ ኮሚቴ የሬዲዮ አድማጩን ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁከት ለመጠበቅ የልቀት ጣሪያ፣ ማለትም ዕቃው ሊለቀው የሚፈቀድለትን የሞገድ መጠን፣ ሲያወጣ ኖሯል። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን የግል ኮምፒውተር ወደ ቤት መግባት በጀመረበት በ1979 እ.ኤ.አ. ለዲጂታል ዕቃዎች ገደብ ደነገገ፤ የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1989 ያወጣውን መመሪያ ከጥር 1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያው ላይ ግዴታ አደረገው።

እነዚህ መስፈርቶች ልቀትን በሁለት መንገድ ይለካሉ፤ አንደኛው በኤሌክትሪክ ሽቦው በኩል የሚወጣው ሲሆን ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ይለካል፣ ሁለተኛው በአየር የሚረጨው ሲሆን መለኪያው ከ30 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ዕቃዎችም በሁለት ክፍል ይመደባሉ፤ ለፋብሪካና ለመሰል ስፍራ የሚሆነው ክፍል ኤ፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው ክፍል ቢ ሲሆን፣ በመኖሪያ ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን አጠገብ ስለሚገኙ ጥብቁ ክፍል ቢ ነው። ለምሳሌ የመኖሪያ ቤት ኮምፒውተር ከ30 እስከ 230 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ በ10 ሜትር ርቀት ሲለካ በአንድ ሜትር ከ32 ማይክሮቮልት ገደማ፣ ማለትም ከቮልት ሚሊዮንኛ ክፍልፋይ 32 እጅ ገደማ፣ የበለጠ ሞገድ እንዳይለቅ ይከለከላል። ጣሪያው ይህን ያህል ዝቅ ያለበት ምክንያት በዚህ ክልል ውስጥ እነማን እንዳሉ ሲታይ ግልጽ ይሆናል፤ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የኤፍኤም ሥርጭት፣ ከዚያ በላይ እስከ 118 ድረስ አውሮፕላን አቅጣጫውንና ማረፊያውን የሚያገኝበት ምልክት፣ ከ118 እስከ 137 ደግሞ አብራሪና የበረራ ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩበት መደብ ይገኛሉ።

በዕቃዎች ላይ ስለሚታተመው የሲኢ ምልክትም ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ምልክቱን በአብዛኛው የሚያትመው አምራቹ ራሱ ነው፤ ትርጉሙም ዕቃው የአውሮፓን ደንብ ያሟላል የሚል የራሱ ቃል ነው። በአውሮፓ ይህን ቃል ያስቀመጠ ድርጅት የምርመራ ሰነዱን ሲጠየቅ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ጠያቂ በሌለበት ገበያ ግን ምልክቱ ከቀለም የማይበልጥ ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕግ የመጣበት መንገድ

ኢትዮጵያ ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ስትሆን፣ በኅብረቱ የሞገድ ድልድል ከአውሮፓና ከቀረው አፍሪካ ጋር በክልል አንድ ትመደባለች። በአገር ውስጥ ቁጥጥሩን ከአገልግሎት ሰጪው የለየው የመጀመሪያው ራሱን የቻለ እርምጃ በአዋጅ ቁጥር 49/1989 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ መቋቋም ነበር፤ የኤጀንሲው ሥራ በ2003 ዓ.ም. ወደ መገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተዛወረ። አሁን ያለውን ሥርዓት የመሠረተው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲሆን፣ በእርሱ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስፔክትረም የሚባለውን የሬዲዮ ሞገድ ሀብት የመደልደልና በተለምዶ ታይፕ አፕሩቫል የሚባለውን የዓይነት ማረጋገጫ የመስጠት ሥልጣን አግኝቷል። የዓይነት ማረጋገጫ ማለት አንድ የመገናኛ መሣሪያ ሞዴል ወደ ገበያ ከመግባቱ በፊት የላቦራቶሪ ሰነዱ ተመርምሮ ከተፈቀደለት መደብና ኃይል እንደማይወጣ የሚረጋገጥበት አሠራር ነው። በ2013 ዓ.ም. ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ተሰጥቶ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሁለተኛ ኦፕሬተር ሲገባ፣ የመደቦች ንጽሕና በገንዘብ የሚተመን የውል ጉዳይም ሆነ።

አምፖሉና ኢንቨርተሩ ግን በሌላ በር ነው የሚገቡት። እነርሱ የመገናኛ መሣሪያ ስላልሆኑ ጉዳያቸው በደረጃዎችና በንግድ ቁጥጥር ሥር ይወድቃል፤ በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሲከፋፈል ደረጃ ማውጣቱ፣ የተስማሚነት ምዘናው፣ የሥነ ልክና የአክሪዲቴሽኑ ሥራ ለየብቻቸው ለቆሙ ተቋማት ተሰጠ፣ አስገዳጅ ደረጃዎችን በገቢ ዕቃ ላይ የማስከበሩ ኃላፊነት ደግሞ የንግድ ሚኒስቴሩ ነው። በዚህ በር በኩል ገዢውም ተቆጣጣሪውም ቀድሞ የሚጠይቀው ዕቃው እሳት እንዳያስነሣ፣ ሰው እንዳይገድል፣ ቶሎ እንዳይቃጠል ነው፤ ተገቢም ነው። የሞገድ ጉዳይ ግን በሁለቱ በሮች መካከል ይወድቃል፤ ሞገዱን የሚያውቀው ተቋም አምፖሉን አያገኘውም፣ አምፖሉን የሚያገኘው ተቋም ዋና ጭንቀቱ ሞገድ አይደለም።

ለምን ዘገየ፣ ለምንስ አሁን

ለመዘግየቱ ከባድ ምክንያቶች አሉ። የልቀት ምርመራ ከውጭ የሚመጣ ሞገድ የማይገባበት፣ ከውስጥ የሚነሣውም ከግድግዳ ተመልሶ የማያንጸባርቅበት ልዩ ክፍል የሚፈልግ በመሆኑ በጣም ውድ ነው። አስመጪው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነጋዴ ነው፤ ገዢውም ከኩራዝ ጭስ ገና የተላቀቀ ቤተሰብ ሊሆን ስለሚችል በመስፈርት ስም ብርሃንን ማስወደድ ራሱ በደል ይሆናል። ይህ መከራከሪያ እውነትነት ቢኖረውም፣ ማጣሪያው የሚያስጨምረው ዋጋ ትንሽ መሆኑንና ጉዳቱን ደግሞ ያልገዛው ጎረቤት እንደሚሸከመው ይዘነጋል።

ጊዜው እየጠበበ መምጣቱም አይካድም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሮች እየበዙ ነው፤ የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተሮችም እንዲሁ። በሌላ በኩል ደካማ ምልክት የሚያነቡ መሣሪያዎች በዝተዋል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ በተጀመረው የጎንደር የሕክምና ትምህርት ተቋምም ሆነ በየትኛውም ሆስፒታል የልብ ምት የሚመዘግበው መሣሪያ ከታማሚው ቆዳ ላይ የሚያነበው ምልክት አንድ ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ስስ ምልክት ከጎኑ ሁከተኛ ዕቃ ሲቀመጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ለሐኪም መንገር አያስፈልግም።

ሥራውን ለመጀመር ውዱን ክፍል መጠበቅ ግድ አይሆንም። ዕውቅና ካላቸው የውጭ ላቦራቶሪዎች የሚመጣን ሰነድ ተቀብሎ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ፣ የልቀት መስፈርቱን ከደኅንነቱ መስፈርት ጋር በአንድ የጉምሩክ ሰነድ ማገናኘት፣ ከገበያ በየጊዜው ናሙና አንሥቶ ፈትቶ ማጣሪያው መኖሩን ማየትና በቀላል መለኪያ ማዳመጥ አሁን ባለው አቅም የሚቻል ነው። የኢንጂነሪንግ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው።

በአማራ ክልል የመስኖ ቦይ በጋራ የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት ይሰይማሉ። የውሃ አባት ትልቁን ቦይ ያለ ተራው የከፈተውን ብቻ ከጠየቀ፣ በየመደቡ ዳር በሳር ተሸፍኖ ሌሊት ከሌሊት የሚያንጠባጥበውን ቀዳዳ ግን ካላየ፣ የታችኛው ማሳ ይደርቃል። የሬዲዮ ሞገድም የወል ሀብት ነው፤ የኢትዮጵያ ሕግ ትልልቆቹን ቦዮች መጠበቅ ጀምሯል። በአምፖሏ አንገት ውስጥ ባዶ የቀረችውን የማጣሪያ ቦታ እየፈተሸ የሚያስሞላ ኃላፊ ሲሰየም ደግሞ ጥበቃው ሙሉ ይሆናል።