ወደ አገር ቤት 2 ሰዓት ከ45፣ ወደ ካርቱም 45 ደቂቃ

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር የአውሮፕላን ትኬት ስሸጥ ከደንበኛ ጋር የሚያከራክረኝ ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ ሰዓትም ነበር። ሻይ ሸጠው የሚተዳደሩ አንዲት እናት ደርሶ መልስ ከቆረጥኩላቸው በኋላ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ስሄድ በኤሊ፣ ስመለስ በጥይት ነው እንዴ የምትጭነኝ?» አሉኝ። እውነት አላቸው። በእኛ አቆጣጠር ከካርቱም ረፋድ 4፡00 የሚነሳው አዲስ አበባ 6፡45 ይገባል ይላል። ከአዲስ አበባ 4፡00 የሚነሳው ደግሞ ካርቱም 4፡45!

ሁለቱም በረራ የሚፈጀው 1 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው። ትኬት ላይ የሚሰፍረው የየከተማው ሰዓት ስለሆነና ካርቱም ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ነው ነገሩ የሚጣረሰው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሱዳን ከጥር 1992 ጀምሮ ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነበር፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ግን ወደ ቀድሞው ተመለሰች። በዚያ ላይ ትኬቱ 10፡00 ያለውን ሐበሻ 4፡00 ይለዋል። በሁለቱ ስሌት መሃል ስንቱ አውሮፕላን አመለጠው!

ካርታ ላይ ማስመሪያ ብታኖሩ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄት ከፍታውን ከያዘ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ታዲያ 1 ሰዓት ከሩብ ለምን አይበቃም? አየር መንገዶች ሰዓቱን የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። ወደ ላይ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድም ፍጥነቱ ያንሳል።

እኔን የሚገርመኝ ግን መነሻው ላይ ያለው ነው። ካርቱም 385 ሜትር፣ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ቦሌ ላይ አየሩ በከፍታው ምክንያት ይሳሳል። ካርቱም ዝቅ ብትልም በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አየሩ እዚያም ይሳሳል። በሁለቱም በኩል አውሮፕላኑ ክንፉ እስኪሸከመው ረዘም አድርጎ መንደርደር አለበት። ሀቡብ፣ ያ የአሸዋ ማዕበል፣ ከተነሳማ የትኬቱን ሰዓት ማን ያስታውሰዋል!

በመኪና በገዳሪፍ፣ በመተማና በጎንደር አድርጎ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ነው። በረራው ዘገየ ብሎ ለሚነጫነጭ ደንበኛ የአፄ ኃይለ ሥላሴን እነግረው ነበር፦ ካርቱም ከርመው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው፣ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቅዳም ሹር፣ ለፋሲካ አገር ቤት ለመግባት የተዘጋጀው ሐበሻ ሻንጣውን እንደቋጠረ የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ሰማዩም ተዘጋ። ብዙው ሰው በገዳሪፍ ወደ መተማ ተመመ። በረራው በኋላ ወደ ፖርት ሱዳን ዞረ። ከዚያ አዲስ አበባ በቀጥታ 1,170 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሰማይ ላይ የሚጨምረው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ካርቱም የቀረው ሰው ግን ፖርት ሱዳን ለመድረስ በአትባራ በኩል 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ ኬላ በኬላ መጓዝ ነበረበት። በዚያ ሰሞን ስለ ትኬት ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስቀድሜ የማሰላለት ይህን የአውቶቡስ መንገድ ነበር።